ማሪ ታሊዮኒና ነጩ ቀሚስ፦ የባሌት ቱቱ አመጣጥ፣ ውበትና ዋጋ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዝነኛ የባሌት ዳንሰኛ የነበረችውን የማሪ ታሊዮኒን (1804–1884) ሕይወት በመከተል፣ ቱቱ ተብሎ የሚታወቀው የባሌት ቀሚስ እንዴት እንደተገኘ፣ ለምን እስከ ዛሬ እንደሚወደድና ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ይመረምራል። ዋና ሐሳቡ ቱቱ ከጌጥነቱ ይልቅ መፍትሔነቱ ይቀድማል የሚል ነው። የአንዲት ሴት አካል፣ የአባቷ ጥብቅ ሥልጠና፣ የዘመኑ የጨርቅ ማሽንና የጋዝ መብራት በአንድ መድረክ ተገናኝተው ወለዱት። ያንን ውበት የፈጠረው ብርሃን ግን ልብሱን በለበሱት ላይ እሳት ሆኖ ተነሥቷል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

በወሎ ጨዋታ ዋናው ተናጋሪ ትከሻ ነው። ዘፈኑ በባቲም ይሁን በአንቺ ሆዬ ቅኝት ሲንቆረቆር፣ እስክስታው ከወገብ በላይ ባለው አካል ላይ ይሰፍራል፤ እግር ምቱን ይጠብቃል እንጂ ፊት አይቀድምም። የሴቷ ቀሚስም ይህን የሚያውቅ ይመስላል። ረዝሞ እግርን ይሸፍናል፤ መቀነቱ ወገብን አጥብቆ የላይኛውን አካል ከታችኛው ይለያል፤ በደረቱ ላይ የወረደው ጥልፍ ደግሞ ዓይንን ወደ ላይ፣ ትከሻው ወደሚንቀጠቀጥበት ስፍራ ይስባል። ልብሱ የጭፈራው ተከታይ ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹ የት ማየት እንዳለበት ያመለክታል።

የአውሮፓው ባሌት ይህንኑ ሥርዓት ገልብጦ ይዞታል። በዚያ ትከሻ ረግቶ ይቀመጣል፤ የሚናገረው እግር ነው። ስለሆነም የባሌት ልብስ ታሪክ በአመዛኙ እግር ከተሸፈነበት ጨርቅ ቀስ በቀስ የወጣበት ታሪክ ነው። የዚህ ታሪክ መገለጫ የሆነው ቱቱ ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢ በስም እንግዳ ቢሆን እንኳ በጨርቁ ባዕድ አይደለም። በሠርግ ሰሞን ሙሽሮች የሚለብሱት፣ አማርኛ ስሙን ከጣልያንኛ የወረሰው ቬሎ፣ ቱቱ ከሚሠራበት ከዚያው መረብ መሰል ስስ ጨርቅ ጋር ዘመድ ነው። ይህን ጨርቅ ከዳንስ ጋር ያዛመደችው ሴት ታሪክም ከጨርቁ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም።

ልጅነትና ሥልጠና

ማሪ ታሊዮኒ ኤፕሪል 23 ቀን 1804 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ተወለደች። አባቷ ፊሊፖ ታሊዮኒ ሚላን የተወለደ ኢጣሊያዊ ዳንሰኛና ኮሪዮግራፈር ሲሆን፣ እናቷ ሶፊ ካርስተን ደግሞ የታዋቂው ስዊድናዊ የኦፔራ ዘፋኝ የክሪስቶፈር ካርስተን ልጅ ነበረች። ወንድሟ ፖልም ከጊዜ በኋላ በበርሊን ስመ ጥር ኮሪዮግራፈር ሆኗል። በዚህ ቤት ዳንስ እንጀራም ውርስም ነበር።

ልጅቱ ግን ለውርሱ የተመቸ አካል አልነበራትም። ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ክንዶቿና እግሮቿ ረዣዥምና ቀጫጭን ነበሩ። በፓሪስ ዣን ፍራንሷ ኩሎን ከተባለው እውቅ መምህር ዘንድ ስትማር ተስፋ የሚጣልባት ተማሪ ተደርጋ አልታየችም። አባቷ በወቅቱ በቪየና ይሠራ ስለነበር ወደዚያ አስጠራትና ሥልጠናዋን በገዛ እጁ ያዘ።

የቪየናው ሥልጠና ለስድስት ወራት ያህል የቆየ ሲሆን በቀን ስድስት ሰዓት ይፈጅ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት እግርን ለማጠንከር፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሚዛን ጠብቆ ለመቆምና ቀስ ብሎ ለመዞር፣ ማታ ሁለት ሰዓት ደግሞ ለዝላይ ይውል ነበር። በአንድ እግር ጣት ጫፍ ላይ ቆማ እስከ መቶ እንድትቆጥር ትገደድ ነበር። ፊሊፖ ከልጁ የፈለገው ድካሙ ከቶ የማይታይ ዳንስ ነው፤ ስትዘል ኮቴዋ እንዳይሰማ፣ ስታርፍ ጉልበቷ ድንጋጤውን እንዲውጠው አስተማራት። ረዣዥም ክንዶቿን ከፊት ለፊት ዝቅ አድርጋ ማጠፍን፣ ሰውነቷንም ከወገቧ ጥቂት ወደ ፊት ማዘንበልን ለመደች። የጀርባዋን ጉብጠት ለመሸሸግ የተፈጠረው ይህ አቋቋም ከጊዜ በኋላ የአንድ ዘመን የውበት መለኪያ ሆነ። ዛሬም የሮማንቲክ ዘመን ባሌቶችን የሚያጠኑ ዳንሰኞች ያንን ጉድለት መሸፈኛ እንደ ሕግ ይማሩታል።

ማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክ የታየችው በቪየና በጁን 1822 ነው። ከዚያ በጀርመን ከተሞች ሠርታ በ1827 ወደ ፓሪስ ኦፔራ ደረሰች።

ከእርሷ በፊት የነበረው ልብስ

ፓሪስ ስትደርስ የባሌት ልብስ ከአንድ መቶ ዓመት ንትርክ ወጥቶ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሴት ዳንሰኛ ልብስ የቤተ መንግሥት ልብስ ነበር፤ በሽቦና በእንጨት የተወጠረ፣ ከባድና እስከ መሬት የሚወርድ። ማሪ ካማርጎ የእግር ሥራዋ እንዲታይላት ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አሳጠረች። ማሪ ሳሌ ደግሞ በ1734 በለንደን ውጥረቱን ሁሉ ጥላ ስስ ሻሽ መሰል ልብስ ለብሳ ታየች። ሁለቱም በየዘመናቸው መነጋገሪያ ሆነዋል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ከመድረክ ሳይሆን ከፋብሪካ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ሂትኮት በ1808 እና በ1809 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ማሽን፣ ቀድሞ በእጅ ብቻ ይሠራ የነበረውን መረብ መሰል ጨርቅ በስፋት ማምረት አስቻለ። ስሙን ቱል ከተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ያገኘው ይህ ጨርቅ የማሽን ውጤት ከሆነ በኋላ ዋጋው እየቀነሰ ሄደ። በ1822 ደግሞ የፓሪስ ኦፔራ የጋዝ መብራት አስገባ። ከሻማና ከዘይት ኩራዝ ይልቅ የጋዝ ነበልባል ሊጨምርና ሊቀነስ ይችል ስለነበር፣ መድረክን አደብዝዞ የጨረቃ ብርሃን ማስመሰል ተቻለ። ነጭ ስስ ጨርቅና የደበዘዘ ብርሃን በእጅ ነበሩ፤ ሁለቱን አዋሕዶ የሚያንቀሳቅስ አካል ቀርቶ ነበር።

ላ ሲልፊድ

የመጀመሪያው ፍንጭ በኖቬምበር 1831 ታየ። በሜየርቤር ኦፔራ በሮቤር ለ ዲያብል ውስጥ የሞቱ መነኮሳዪያት ከመቃብር ተነሥተው በጨረቃ ብርሃን የሚደንሱበት ትዕይንት ነበር፤ ዳንሱን ፊሊፖ ታሊዮኒ ሲያዘጋጅ ማሪ የእመ ምኔቷን ቦታ ያዘች። ነጭ ልብስ፣ የጋዝ ብርሃንና ድምፅ አልባ እርምጃ በአንድነት ምን ያህል እንደሚያስደምሙ ሕዝቡ በዚያ ሌሊት ተረዳ።

ከአራት ወራት በኋላ፣ ማርች 12 ቀን 1832፣ ላ ሲልፊድ ቀረበ። ታሪኩን የጻፈው ዘፋኙ አዶልፍ ኑሪ፣ ሙዚቃውን የደረሰው ሽናይትስሆፈር፣ ዳንሱን ያዘጋጀው ፊሊፖ ነው። ነገሩ የሚፈጸመው በስኮትላንድ ነው። በሠርጉ ዋዜማ ላይ ያለ ወጣት አንዲት የአየር መንፈስ ታየዋለች፤ ሙሽራይቱን ትቶ ይከተላታል፤ ሊይዛት በጠንቋይ የተሰጠውን ሻሽ ሲያለብሳት ክንፎቿ ረግፈው ትሞታለች። ልብስ ገዳይ የሚሆንበት ታሪክ መሆኑ ከኋላ ለሚመጣው ነገር መጥፎ ምልኪ ይመስላል።

ማሪ በዚያ ምሽት የለበሰችው ልብስ በተለምዶ የሠዓሊው የኤውዤን ላሚ ሥራ ነው ይባላል። ከወገብ በላይ ሰውነትን አጥብቆ የሚይዝ፣ አንገትንና ትከሻን ገልጦ የሚተው፤ ከወገብ በታች ደግሞ እንደ ደወል ተነፍቶ እስከ ባት አጋማሽ የሚወርድ፣ በርካታ ስስ ንጣፎች ያሉት ነጭ ቀሚስ ነበር። ከጀርባው ትናንሽ ክንፎች ነበሩት። በእግሯ የተጫማችው ዛሬ የሚታወቀውን ጠንካራ የባሌት ጫማ አይደለም፤ ጎንና ጎኑ፣ ጫፉም በመርፌና በክር የተጠቀጠቀ ለስላሳ የሐር ጫማ ነው። በጣቷ ጫፍ የምትቆመው በጫማው ሳይሆን በጡንቻዋ ጥንካሬ ነበር።

የዚህ ልብስ ምሥጢር በቀላል የፊዚክስ ሐሳብ ይገለጻል። ስስ ጨርቅ ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ገጽ ስላለው አየር በብርቱ ይቋቋመዋል። ዳንሰኛዋ ዘልላ ስትወርድ ቀሚሷ ከአካሏ ዘግይቶ ይወርዳል፤ ስትቆም ደግሞ ቀሚሱ ገና አልረገበም። ዓይን ሁለቱን አዋሕዶ ስለሚያይ ዝላዩ ከእውነተኛ ጊዜው የረዘመ ይመስለዋል። አባት በስድስት ወር ሥልጠና ያስተማረውን ክብደት አልባነት ጨርቁ በየዝላዩ ይደግመዋል። በተጨማሪም የቀሚሱ ርዝመት ቁርጭምጭሚትን ገልጦ ጉልበትን ይሸፍናል፤ ስለዚህ የእግር ጣቶች ሥራ ይታያል፣ ያንን ሥራ የሚያንቀሳቅሰው የጭን ልፋት ግን ከእይታ ውጭ ይሆናል።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ የየጁው ራስ አሊ 2ኛ ገና በልጅነቱ በደብረ ታቦር እንደራሴነቱን ይዞ ነበር። በሁለቱ ዓለማት መካከል ግንኙነት ባይኖርም፣ የጊዜው መገጣጠም ነጩ የባሌት ቀሚስ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ለወሎ አንባቢ በቅርብ መለኪያ ያሳያል።

ዝናና ስንብት

ላ ሲልፊድ ማሪን ከአንዲት ጥሩ ዳንሰኛነት ወደ ዘመን ምልክትነት አሸጋገራት። በዚያው ዓመት ኮንት ዤልበር ደ ቯዜን የተባለ መኳንንት አገባች፤ ትዳሩ ግን ብዙ አልዘለቀም። ከ1837 እስከ 1842 በሴንት ፒተርስበርግ ሠራች። የሩሲያ ተመልካች ለእርሷ የነበረው ፍቅር ከልክ ያለፈ ስለነበር፣ ስትሰናበት አድናቂዎቿ አንድ ጥንድ ጫማዋን በውድ ዋጋ ገዝተው ቀቅለው በሉት የሚል ወግ ተርፏል። ወጉ እውነት ሆነም አልሆነ፣ የዳንሰኛዋ ልብስና ጫማ ከአካሏ ተለይቶ እንደ ቅርስ መታየት መጀመሩን ይመሰክራል።

በጁላይ 1845 በለንደን ዡል ፔሮ ባዘጋጀው ፓ ደ ካትር ከካርሎታ ግሪዚ፣ ከፋኒ ቼሪቶና ከሉሲል ግራን ጋር ታየች። አራቱም የዘመኑ ታላላቅ ነበሩ፤ የመጨረሻው የክብር ተራ ግን ለእርሷ ተሰጠ። አራቱም ተመሳሳይ የደወል ቅርጽ ያለው ስስ ቀሚስ ለብሰው የተሣሉበት ሥዕል፣ በ1832 የአንዲት መንፈስ ልብስ የነበረው በ13 ዓመት ውስጥ የሙያው መለያ እንደሆነ ያሳያል። ማሪ በ1847 ከመድረክ ወርዳ በሰሜን ኢጣሊያ በኮሞ ሐይቅ አጠገብ ተቀመጠች።

እሳቱ

የቀሚሱ ሌላ ገጽ ቀደም ብሎ መታየት ጀምሮ ነበር። ጥጥ በባሕርዩ ተቀጣጣይ ነው። ስስና ክፍት ሆኖ ሲሠራ፣ በንጣፎቹም መካከል አየር ሲታሰር፣ እሳት ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። መድረኩ ደግሞ ግልጥ በሆኑ የጋዝ ነበልባሎች የተከበበ ነበር። በዲሴምበር 1844 በለንደን ክላራ ዌብስተር የተባለች ወጣት ዳንሰኛ በትዕይንት መካከል ቀሚሷ ተቀጣጥሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተች። የፈረንሳይ መንግሥት በ1859 የመድረክ ቁሳቁስና አልባሳት እሳት በሚከላከል ውህድ እንዲነከሩ ደነገገ። ካርተሮን የተባለ ሰው ያቀረበው ይህ ዘዴ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ንጣቱንም ያደበዝዘዋል። በሌላ አነጋገር፣ ማሪ ታሊዮኒን ታሊዮኒ ያደረጉትን ሁለቱን ባሕርያት ያጠፋቸዋል።

ማሪ በ1858 ወደ ፓሪስ የተመለሰችው ኤማ ሊቭሪ የተባለች የ16 ዓመት ልጅ በላ ሲልፊድ ስትጀምር ለማየት ነበር። በልጅቱ ውስጥ ራሷን አየች። መምህርቷ ሆና በኦፔራው ቆየች፤ በትምህርት ቤቱ የፈተና ሥርዓት እንዲዘረጋም ድርሻ አበረከተች። በኖቬምበር 1860 በኦፈንባክ ሙዚቃ ለኤማ ለ ፓፒዮን የተባለውን ባሌት አዘጋጀችላት፤ በሕይወቷ የደረሰችው ብቸኛ ባሌት ይኸው ነው። በታሪኩ ውስጥ ወደ ቢራቢሮነት የተለወጠችው ልጅ ወደ ችቦ ነበልባል ተስባ ክንፎቿ ይቃጠላሉ።

ኤማ የተነከረውን ልብስ አልለብስም አለች፤ ኃላፊነቱንም በጽሑፍ በራሷ ላይ ወሰደች። ኖቬምበር 15 ቀን 1862 ላ ሙዌት ደ ፖርቲሲ ለተባለው ኦፔራ ልምምድ ላይ ሳለች ቀሚሷ ከጋዝ መብራት ጋር ተነካካ። እሳቱ በቅጽበት ሸፈናት፤ በመድረኩ ላይ እየነደደች ስትሮጥ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አጠፉላት። ስምንት ወር ያህል ተሠቃይታ ጁላይ 26 ቀን 1863 አረፈች፤ 21 ዓመት አልሞላትም ነበር። ከልብሷ የተረፈው ቁራጭ በፓሪስ ኦፔራ ቤተ መዘክር ተቀምጧል።

ይህ ሞት በታሊዮኒ ሕይወት ውስጥ እንደ አንድ ተጨማሪ አሳዛኝ ክስተት ብቻ የሚታይ አይደለም። ኤማ የተከላከለችው መምህርቷ ለዓለም ያሳየችውን ውበት ነው። ልጅቱ አደጋውን አላወቀችም ማለት አይቻልም፤ ድርቅ ባለ ቀሚስ የታሊዮኒን ዳንስ መደነስ እንደማይቻል ማወቋ ግን ከአደጋው በልጦባታል። ምርጫውም ውበትን ወይም ደኅንነትን መውሰድ ብቻ ሆኖ የቀረበላት፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ ጨርቅ በዘመኑ ስላልነበረ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ከ1870 የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት በኋላ የማሪ ሀብት አልቆ ነበር። በስድሳዎቹ ዕድሜዋ ወደ ለንደን ተሻግራ ለከበርቴ ቤተሰብ ልጆች የአዳራሽ ዳንስና የአካሄድ ሥርዓት እያስተማረች ኖረች። በአንድ ወቅት የአውሮፓ ዙፋኖች ያጨበጨቡላት ሴት በየቤቱ የሚከፈል አስተማሪ ሆነች፤ በሥራዋ ግን ጸናች። ኤፕሪል 22 ቀን 1884፣ 80ኛ ዓመቷን ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በማርሴይ አረፈች። በዚያው አሥርት ዓመት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያቋቋሟት ደሴ ከተማ መሆን ጀምራ ነበር። በፓሪስ ሞንማርትር ስሟ ባለበት መቃብር ላይ ዳንሰኞች ያረጀ ጫማቸውን ማስቀመጥ ልማድ አድርገዋል።

ከታሊዮኒ በኋላ

ቀሚሱ ከእርሷ በኋላ እያጠረ ሄደ። የኢጣሊያ ዳንሰኞች ፈጣን ሽክርክሪትና ጠንካራ የእግር ሥራ ይዘው ሲመጡ የባት አጋማሽ ርዝመት እንቅፋት ሆነ። ቪርጂኒያ ዙኪ በ1885 በሴንት ፒተርስበርግ ከተለመደው ያጠረ ቀሚስ አስፈቅዳ ለበሰች። ከዚያ ወዲህ ወደ ጎን ተዘርግቶ እግርን ሙሉ በሙሉ የሚገልጠው ቱቱ ተስፋፋ። ከፈረንሳይኛ የሕፃናት አነጋገር እንደመጣ የሚነገርለት ቱቱ የሚለው ስምም የተለመደው በዚሁ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ነው፤ ታሊዮኒ ልብሷን በዚህ ስም አላወቀችውም ማለት ነው። ረጅሙ ቀሚስ ግን አልሞተም። ዚዜልን በመሰሉ ባሌቶች የመናፍስት ትዕይንት ሲመጣ የ1832ቱ ልብስ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ በናይሎን መረብ ይሠራል፤ መድረኩም በኤሌክትሪክ ይበራል።

መደምደሚያ

የማሪ ታሊዮኒ ሕይወት ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ ዘላቂ የሆነ የመድረክ ልብስ የሚወለደው አካሉ ምን ለመናገር እንደሚፈልግ ከማወቅ ነው። ጎበጥ ያለ ጀርባና ረዣዥም ክንዶች ያሏት ልጅ ባትኖር ኖሮ ያ አቋቋም፣ ያ ቀሚስና ያ ስሜት በአንድነት አይገኙም ነበር። ሁለተኛ፣ የልብስን ውበት ከጨርቁ ባሕርይ ነጥሎ መመርመር ጉዳት አለው። ታሊዮኒን ያነገሠውና ኤማን የገደለው አንድ ጨርቅና አንድ ብርሃን ነው።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት በኮምቦልቻ፣ የከተማው የኪነት ሕይወት ደግሞ በደሴ መሆኑ ለዚህ ዓይነቱ ጥምር ምርምር ምቹ ነው። ስለ እስክስታ ልብስ የሚደረግ ጥናት የጥልፉን ስምና ቀለም ከመመዝገብ አልፎ፣ ጨርቁ በትከሻ እንቅስቃሴ ወቅት እንዴት እንደሚወድቅ፣ ስንት እንደሚመዝን፣ በመድረክ መብራት ሙቀት ምን እንደሚሆንና ለባሹ በእርሱ ውስጥ እንዴት እንደሚተነፍስ ቢጠይቅ የተሟላ ይሆናል። ኤማ ሊቭሪ ከሁለት አንዱን እንድትመርጥ የተገደደችው ዳንሱን የሚያውቁና ጨርቁን የሚያውቁ ሰዎች በጊዜው በአንድ ጠረጴዛ ስላልተቀመጡ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ግን አጭር ነው።